ሳልጠይቅ የጻፍኩት መልስ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ለንብረት ክፍል ያስረከብኩት አንድ የቆዳ ቦርሳ፣ አንድ የጣት ቀለም፣ አንድ የዝናብ ካፖርትና የመጥሪያ መዝገቤን ነው። የንብረት ሠራተኛው ዕቃውን አገላብጦ አየና፣ «ጋሽ ይማም፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሠርተህ ይቺው ናት?» አለኝ።

«ይቺው ናት» አልኩት። ቦርሳው እንኳ ሦስተኛዬ ነበር። የሄድኩበት መንገድ የሚረከብበት ፎርም የለም።

ልጆቼ ያየኸውን ጻፈው ይሉኝ ነበር፤ ችላ ስል ቆየሁ። በቅርቡ ግን በራዲዮ፣ ኮምፒውተር ለዳኛ ረዳት ሊሆን ነው፣ ክርክርም ሊያስታርቅ ነው ሲባል ሰማሁ። እኔ ስለ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም። አንዱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የተማረው ከእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበርና። ስለዚህ እርሱ ጋ እስክደርስ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራዬ መጥሪያ ማድረስ ነበር። ዞኑ ተቋቁሞ ቢሮዎች ሲከፈቱ በከሚሴ ዙሪያ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ ተቀጠርኩ። ልጅ ሆኜ ቁርአን ቀርቻለሁ፤ የቀለም ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ኦሮምኛ ከእናቴ፣ አማርኛ ከገበያና ከትምህርት ቤት፣ ሁለት ደህና እግር ደግሞ ከአላህ፤ ያኔ የተፈለገብኝ ይኸው ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አባ ሰይድ ናቸው። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ መጥሪያ ሲያደርሱ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ጥምጣማቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። የቦርከናን ወንዝ ሲሻገሩ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ከጥምጣማቸው ውስጥ ይከቱታል። «እኔ ብወሰድ ግዴለም፤ ሬሳዬ መጥሪያውን ያደርሰዋል» ይሉ ነበር።

አባ ሰይድ ቤት ደርሰው ወረቀት አያወጡም። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ከብቱ፣ ቀጥሎ ስለ ታመመው ይጠይቃሉ። ባለቤቱ ራሱ «ምን እግር ጣለዎት?» እስኪል ድረስ ቦርሳቸውን አይከፍቱም። አውድማ ላይ ላለ ሰው መጥሪያ አይሰጡም። ገበያ መሀል አይሰጡም። «ወረቀት ሰውን በሰው ፊት ከመታው፣ ነገሩ ከዳኛ በፊት ተበላሸ ማለት ነው» ይሉኛል።

ከመጥሪያው ሌላ አንድ ሥራ ነበረን። የመሬት፣ የድንበር፣ የውኃ ወይም የጠብ መዝገብ ሲከፈት ዳኛው ክርክሩን ከመስማቱ በፊት፣ «ሂዱና በሽማግሌ ይጨርሱት እንደሆነ ጠይቃችሁ ኑ» ይለናል። ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ መዝገቡ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። አንዱ እምቢ ካለ ዳኛው ይሰማዋል። ይኼ ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም፤ በእኛ አገር የተበደለ ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ እሺ አይልም። እሺ ካለ በደሉ ትንሽ ነበር ይባላል። ክብር ያለው ሰው እምቢ ይላል፤ ይለመናል፤ ደግሞ እምቢ ይላል።

ስለዚህ አባ ሰይድ በመጥሪያው ጀርባ በእርሳስ ሦስት መስመር ያሰምራሉ። ሦስት ጊዜ ይሄዳሉ፤ ሦስቱንም መልስ ይጽፋሉ።

«የመጀመሪያው እምቢታ ለሰፈር ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ሁለተኛው ለዘመድ ነው። የራሱ የሆነው ሦስተኛው ብቻ ነው። እሱን ሰው ባለበት እንዳትጠይቅ። ቤት ውስጥም እንዳትጠይቅ።»

«የት ልጠይቅ ታዲያ?»

«እየሄድክ። ጎን ለጎን ሆናችሁ ስትሄዱ ፊት ለፊት አትተያዩም። ካልተያየ የሚያፍር የለም።»

በዓይኔ አይቻለሁ። ጨፋ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር፤ ጎረቤቱ የመስኖ ውኃ ጠልፎበት፣ በዚያው ጠብ የልጁ ራስ በዱላ ተፈንክቷል። መጀመሪያ ቀን፣ «ሞቼ ነው ከእሱ ጋር የምታረቅ!» ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውን ቀን ወንድሞቹ ባሉበት ምራቁን ተፍቶ እምቢ አለ። ሦስተኛውን ቀን አባ ሰይድ፣ «ማሽላህን አሳየኝ» አሉትና በማሳው ዳር ይዘውት ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ጠየቁት። ሰውዬው አንድ ራስ ማሽላ ቀጠፈ፣ በመዳፉ አሸ፣ እፍ አለበት፤ ከዚያ፣ «ሽማግሌዎቹን ማን ይመራቸዋል?» አለ።

አባ ሰይድ ወዲያው «ፈቃደኛ» ብለው ጻፉ።

«እሺ እኮ አላለም» አልኳቸው ስንመለስ።

«ቤቱን ጠርጎ ይጠብቃል ነው ያለው። አንተ ጆሮህን ለምን ጥለኸው መጣህ?»

ታረቁ። ውኃውንም በፈረቃ ተካፈሉ።

ሁሉም ግን በሦስተኛው እሺ አይልም። ሦስተኛውም እምቢ ሲሆን አባ ሰይድ እንዲያው «እምቢ» ብለው ይጽፋሉ፤ አንድ ቃል አይጨምሩም። ይህን እኔ በደንብ አልያዝኩትም። ካየኋቸው ብዙዎቹ በሦስተኛው ስለሚለሰልሱ፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ እሺ ነው ብዬ በልቤ አሳድሬ ነበር።

አሁን ወደ ጦይባ ልምጣ።

ጦይባ አባቷ ጨፋ ላይ ደህና መሬት ነበረው። እሷ ባሏ ሲሞትባት ወደ አባቷ አገር ተመለሰች፤ አባትየውም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ወንድሟ ሁሴን መሬቱን ጠቅልሎ ያዘ። ከቦርከና ማዶ አጎቷ ቤት ተጠግታ ድርሻዬን ላርስ ብላ ከሰሰች። ዳኛው እንደ ልማዱ ጠይቀህ ና አለኝ።

መጀመሪያ ስሄድ ደጃፍ ላይ ሆና፣ «አልፈልግም። ወንድሜን ዳኛ ፊት ነው የምፈልገው» አለች። ጻፍኩ፤ እምቢ። ሁለተኛውን ስሄድ አጎቷም ሁሴንም ነበሩ። መሬት መሬት እያየች «ሂን ፌዱ» አለች፤ አልፈልግም ማለቷ ነው። አጎትየው ሳቀና፣ «ተዋት፣ ሴት ናት፤ ይበርድላታል» አለኝ። ጻፍኩ፤ እምቢ።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ቀጠሮው አርብ። ክረምት ነው። ወንዙ ዳር ስደርስ ቦርከና ሞልቶ፣ ቀልቶ፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ከወዲህ አንድ ሰውዬ ፍየሎቹን ይዞ ቆሟል። «ዛሬ የሚሻገር ዓሣ ብቻ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ከማዶም ጆንያ የተከናነቡ አንድ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ማን እንደሆኑ አልለየሁም። ጥቂት ጠበቅኩ። እግሬ ረጥቧል፣ ርቦኛል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ፣ ወረቀቱን አወጣሁ፤ በሦስተኛው መስመር ላይ «ፈቃደኛ ናት» ብዬ ጻፍኩ።

«ወንዝ ሞልቶ አልተሻገርኩም» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። እንዲያ ይጻፋል፤ ዳኛው ቀጠሮ ከማዛወር በቀር ምንም አይለኝም። ይህን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።

ሰባት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ዱዓ ተደረገ። ፈቅዳለች ተብሎ ሽማግሌ ከተሰበሰበ በኋላ ሴት ልጅ ተነስታ አልፈቀድኩም ብትል ሽማግሌ አዋረደች ነው የሚባለው። ጦይባ «አፉ ብያለሁ» አለች፤ ይቅር ብያለሁ። ጊደር ሰጧት። መሬቱ ለሁሴን ሆነ። መዝገቡ ላይ «በዕርቅ ተዘግቷል» ተባለ። የዚያን ጊዜው ዳኛ መዝገብ ሲዘጋ ደስ የሚለው ሰው ነበር፤ አመስግኖኛል።

አባ ሰይድ ግን ሳምንት ቆይተው ቢሮ ጓሮ ጠሩኝ።

«ሐሙስ ዕለት ቦርከና እንዴት ነበር?»

«ሞልቶ ነበር።»

«በምን ተሻገርክ?»

ቦርሳዬን ወደ ኋላዬ አዞርኩ።

«የጻፍከው የጦይባን ፈቃድ አይደለም፤ የቦርከናን ነው። ሂድና ለዳኛው ንገር።»

ኢንሻአላህ አልኳቸው። አልነገርኩም። እርሳቸውም ሁለተኛ አላነሱብኝም፤ ነገር ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሦስተኛውን ጥያቄ ለእኔ አልሰጡኝም። ሁለቱን እኔ እጠይቃለሁ፤ ለሦስተኛው በዚያ ዕድሜያቸው ራሳቸው ይሄዳሉ። ምክንያቱን ቢሮው አያውቅም ነበር።

ጦይባን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አየኋት። መጥሪያ ይዤ ባቲ ስሄድ፣ በሰኞ ገበያ ከአፋሮች የገዛችውን ቅቤ ትቸረችራለች። ወዲያው ለየችኝ።

«መጥሪያ ይዘህልኝ መጣህ?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው ቅቤ ግዛና ሂድ፤ ገበያ አትዝጋብኝ።»

ገዛሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። አባ ሰይድ ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ዳኞች መጡ፣ ሄዱ፤ ቁጡም ነበረ፣ እንቅልፋምም ነበረ። ጽሕፈቱ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ይሁን ሲባል በስተርጅና ቁቤ ተማርኩ። በእግሬ እሄድበት የነበረውን በባጃጅ መሄድ ጀመርኩ። ጉልበቴ ሲደክም ከመንገድ አንስተው ጠረጴዛ ሰጡኝ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ኮምፒውተሩ መጣ። አንድ ፕሮጀክት ነው ያመጣው። ሰሚራ የምትባል ልጅ አብራ መጣች፤ የደሴ ልጅ ናት፣ የተማረች፣ ሰው የምታከብር።

«አባባ፣ ይሄ ፕሮግራም የድሮ መዝገቦችን ይማራል» አለችኝ። «ከዚያ አዲስ መዝገብ ሲመጣ በሽማግሌ ያልቃል ወይስ አያልቅም የሚለውን ይገምታል።»

«እንደ ጠንቋይ?»

«ኧረ በአላህ! እንደ እርስዎ ነው እንጂ። እርስዎ ብዙ ስላዩ ይገምቱ የለ?»

ዕርቅ የሚቀመጡት ሰባት ስለሆኑ የቢሮው ሰዎች ኮምፒውተሩን «ስምንተኛው ሽማግሌ» አሉት። መብራት ሲዳከምና ሲንቀራፈፍ፣ «ስምንተኛው ዛሬ ጫቱን አላገኘም» ይላሉ።

የድሮ መዝገቦቹን የእጅ ጽሑፍ ሰሚራ ማንበብ አቃታት። የማን እጅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ትመታለች። ወራት ፈጀብን። አንድ ቀን ያቺ መጥሪያ እጄ ገባች።

«አመልካች፣ ሴት» አልኩ። «ነገሩ፣ የአባት መሬት። አንደኛ፣ እምቢ። ሁለተኛ፣ እምቢ።» እዚህ ላይ ቆምኩ።

«ሦስተኛስ አባባ?»

«ፈቃደኛ።»

«ውጤቱስ?»

«በዕርቅ ተዘጋ።»

«ንጹህ መዝገብ! ሁሉም እንዲህ ተሟልቶ ቢጻፍ ምናለበት» አለችና መታችው። ሁለተኛ ዝም አልኩ ማለት ነው። ቀጣዩን መዝገብ አነሳሁ።

ኮምፒውተሩ ሥራ ጀመረ። ባለጉዳይ ሲመጣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አንዴ እጠይቃለሁ፣ መልሱን አስገባለሁ፣ ወረቀት ይወጣል፤ «ለሽማግሌ ይመራ» ወይም «በችሎት ይሰማ» ይላል። ሦስት ጊዜ መሄዱ ቀረ። ፕሮግራሙ ካወቀው ምን ያመላልሳል ተባለ። ዳኛው ወጣትና ጨዋ ሰው ነበር፤ መዝገብ ተቆልሎበት ስለሚውል ወረቀቱ ያለውን ይፈርማል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። በድንበርና በከብት ጠብ እኔ ከምገምተው አይርቅም።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት አንዲት አሮጊት ቆመች። በሻሿ ጫፍ ነጭ ፀጉር ወጥቷል። ስሟን ስትነግረኝ ነው ያወቅኋት። ሁሴን ሞቷል፤ ልጆቹ መሬቱን አስለክተው በስማቸው ሊያስመዘግቡ ነው፤ ከዚያ በፊት የአባቴን ድርሻ ብላ ከባቲ መጥታ ከስሳለች።

«ሽማግሌ ትቀበያለሽ?» አልኩ፤ ሥራዬ ነው።

«አልቀበልም።»

እምቢ ብዬ አስገባሁ። ወረቀቱ ወጣ።

«ምን ይላል?» አለች፤ ማንበብ አትችልም።

«ለሽማግሌ ይመራ ይላል።»

«እምቢ አላልኩህም?»

«ብለሻል።»

«ታዲያ እሺ ያለው ማን ነው?»

መልሼ አስገባሁት፤ መልሶ ያንኑ አወጣ። ሰሚራን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና፣ «ስህተት አይደለም አባባ» አለች። «በድሮዎቹ መዝገቦች በአባት መሬት የከሰሱ ሴቶች አብዛኞቹ መጀመሪያ እምቢ ብለው መጨረሻ ላይ ፈቅደዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እምቢታ ብዙ አይቆጥረውም።»

«ሦስተኛው መልስ በእውነት ተጠይቆ ይሁን ሳይጠየቅ በምን ያውቃል?»

«መዝገቡ ያለውን ነው የሚያውቀው። ሳይጠየቅ የሚጻፍ አለ እንዴ?»

ያን ጊዜ ከመዝገብ ቤት አሮጌውን መዝገብ አስወጥቼ ዳኛው ክፍል ገባሁ። ነገሩን ከወንዙ ጀምሬ ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ጋሽ ይማም፣ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ይኼ የሐሰት ጽሑፍ ነው። ጡረታዎ ደጃፍ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ክቡር ዳኛ። ዛሬ ዝም ካልኩ ግን ሴትዮዋ በእኔ ጽሑፍ ሁለተኛ ሳትፈቅድ ወደ ሽማግሌ ልትሄድ ነው። ለስንቷ እንደተረፈም አላውቅም።»

መጥሪያውን ገልብጦ የእርሳሱን ሦስት መስመር ብዙ አየው። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። «እዚሁ ሥር ይጻፉ፤ ቀን ያድርጉበት።» «ሦስተኛውን አልጠየቅኳትም» ብዬ ጻፍኩ።

«አሁን ይሂዱና ሦስተኛውን ይጠይቋት። እምቢ ካለች ክርክሩን እኔ እሰማለሁ።»

ስለ ሌላው ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ እዚህ ላይ ልበለውና ልጨርስ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ጡረታዬን አልነኩትም። ሰሚራ ሦስት መስመር ያላቸውን መዝገቦች ሁሉ ከፕሮግራሙ ለይታ አወጣችና፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ይንገሩኝ ብላ ጠየቀችኝ። የአባ ሰይድ እጅ ያለበትን እመኚው አልኳት፤ በእኔ እጅ ከዚያች ሌላ እንደሌለ በአላህ ስም ነገርኳት፤ የሌሎቹን አላውቅም። ኮምፒውተሩን ለጊዜው አቆሙት፤ ዛሬ ይሥራ አይሥራ አልጠየቅኩም። የጦይባ ክርክር ሲሰማ እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር። በቦርከና ዳር ያለው ቁራሽ ለእሷ ተፈረደላት ብለው ነግረውኛል።

ዳኛው ጠይቃት ባለኝ በዚያው ዕለት ጦይባን ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት።

«ተነሺ፣ እስከ አስፋልቱ እንሂድ» አልኳት። ጎን ለጎን ሆነን ወጣን። ባጃጆች ያልፉናል። አላየኋትም፣ አላየችኝም።

«ጦይባ፣ ሽማግሌ ትቀበያለሽ?»

ጥቂት ሄደች። «ያኔ ሦስተኛውን አልመጣህም» አለች።

«አልመጣሁም። ቦርከና ሞልቶብኝ።»

«አውቃለሁ። ማዶ ቆሜ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ስትጽፍ አይቼሃለሁ። ወንዙ ሞላ ብለህ የምትጽፍ መስሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።»

አስፋልቱ ጋ ደረስን። ቆምን።

«ሰው በዚያ ዝናብ ወንዝ ዳር የሚወጣው አንድ የሚለው ነገር ሲኖረው ነው» አልኳት። «ምን ልትይኝ ነበር?»

«እሱን አንተ ጻፍከው አይደል? አለፈ። የዛሬውን ጠይቅ።»

«ዛሬስ ትቀበያለሽ?»

«እምቢ።»

የዛሬውን ወረቀት በቦርሳዬ ላይ አስደግፌ፣ ጀርባው ላይ እንደ አባ ሰይድ ሦስት መስመር አሰመርኩና በሦስተኛው «እምቢ» ብዬ ጻፍኩ። የጣት ቀለሙን ከፈትኩላት፤ ቅቤና ሚዛን ባጠነከረው አውራ ጣቷ ተጭና ፈረመች። ቀለሙን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንብብልኝ።»

አነበብኩላት።

«ድገመው» አለች።

ደገምኩት።